የአህያን ኮቴና የውሻን ጥፍር ያለ ሥቃይና ያለ ድንጋጤ ስለ መቍረጥ

በኢትዮጵያ ገጠር የሚኖር ሰው እህሉን ወደ ወፍጮ፥ የሚሸጠውን ወደ ገበያ፥ ውሃውንም ከምንጭ ወደ ቤቱ የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በአህያ ጀርባ ነው። ከዓለም አገሮች ሁሉ አህያ የሚበዛባት ኢትዮጵያ መሆንዋም የታወቀ ነው። ይህ ሁሉ ጭነት የሚያርፈው ግን በአራት ትናንሽ ኮቴዎች ላይ ነው። ባለቤቱ ስለ አህያው ሆድና ስለ ጀርባው ቍስል አንዳንድ ጊዜ ያስባል፤ ስለ ኮቴው ግን አህያው እስኪያነክስ ድረስ የሚያስብ ጥቂት ነው። ባነከሰም ጊዜ ሰነፈ ብሎ በዱላ ይነዳዋል እንጂ እግሩን አንሥቶ አይመለከትም። አህያው ጨርሶ የቆመ እንደ ሆነ ጭነቱ ወደ ቤቱ እመቤትና ወደ ልጆቹ ጀርባ ይዛወራል፤ ውሃ የሚቀዳውም ልጅ ከተማሪ ቤት ይቀራል። ስለዚህ የኮቴ ነገር ለባላገሩ ብቻ ሳይሆን ለአስተማሪውም የሚገባ ነገር ነው።

ኮቴ መቍረጥ ራሱ እጅግ የረቀቀ ጥበብ አይደለም። ሥራውን የሚያከብደው የእንስሳው ፍርሃት ነው። አንድ ቀን በችኰላ ተቈርጦ ሕያው ሥጋው የተነካ እንስሳ ያን ቀን አይረሳም። በሚመጣው ጊዜ ቢላዋው ገና ሳይነካው እግሩን ይነጥቃል፥ ይራገጣል፤ ሰውየውም በኀይል ይይዘዋል፤ በኀይል መያዙ ፍርሃቱን ይጨምርበታል፤ እንዲህም እያለ ነገሩ ከዓመት ወደ ዓመት ይከፋል። በመጨረሻው ባለቤቱ ይሰለችና ኮቴውን ይተወዋል፤ ኮቴውም እየረዘመ ጫፉ እንደ ተጠማዘዘ ጫማ ወደ ላይ ይነሣል።

አስተማሪው ይህን ለማስረዳት ከተማሪዎቹ ጣት ይጀምር። እያንዳንዱ ልጅ ጥፍሩን ይመልከት፤ ከጫፉ ነጣ ያለው ክፍል ሲቈረጥ አያምም፤ ቀላ ወዳለው ክፍል የደረሰ ቢላዋ ግን ያስጮኻል። ጥፍር ራሱ ስሜት የለውም፤ ስሜት ያለው ከበታቹ ያለው ሥጋ ነው። የእንስሳም ነገር እንዲሁ ነው። የሰው የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ሲያድግ የአህያና የፈረስ ኮቴ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። ከጠጕሩ ድንበር የበቀለው ኮቴ በፊት በኩል መሬት እስኪደርስ ድረስ አንድ ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በመንደሩ በግ የታረደ እንደ ሆነ አስተማሪው ሰኮናውን ለምኖ በመጋዝ ከላይ ወደ ታች ለሁለት ቢሰነጥቀው ልጆቹ ከውጭ እንደ ቀንድ ያለውን ደረቅ ነገር፥ ከውስጥም ሥጋውንና አጥንቱን በዐይናቸው ያያሉ፤ ይህም ከብዙ ንግግር ይልቅ ያስተምራል።

የአህያ ኮቴ ተነሥቶ ከሥሩ ሲታይ በዙሪያው ወፍራም ግድግዳ አለው፤ ጭነቱን በይበልጥ የሚሸከመው ይህ ነው። ከግድግዳው ቀጥሎ ወደ ውስጥ በኩል ነጣ ያለ ቀጭን መስመር ዙሪያውን ይሄዳል፤ ከመስመሩ ውስጥ የኮቴው ወለል አለ፤ በመካከሉም ከተረከዙ ተነሥቶ ወደ ፊት የሚሾል ባለ ሦስት ማዕዘን ልል ነገር አለ። ነጣ ያለው መስመር እንደ ርስት ድንበር ነው። ከእርሱ ውጭ የተረፈው ግድግዳ የሞተ ስለ ሆነ ይቈረጣል፤ ከእርሱ አልፎ ወደ ውስጥ የሚቈርጥ ሰው ግን የሰው መሬት እንደሚያርስ ሰው ነው፤ ጠቡም ወዲያው ይነሣል። የኮቴው ወለልና በመካከል ያለው ልል ነገር ከጭቃና ከጠጠር ይጸዳሉ እንጂ በቢላዋ እየተፋቁ አይሳሱም፤ እነርሱ የአህያው ጫማ ናቸውና።

የበለዓም አህያ ታሪክ በኦሪት ዘኍልቍ ተጽፎ ይገኛል። አህያይቱ ከመንገድ የወጣችው፥ የጌታዋንም እግር ከቅጥሩ ጋራ ያጣበቀችው፥ ኋላም ከበታቹ የተኛችው እርሱ ያላየውን ስላየች ነበረ፤ እርሱ ግን ምክንያቷን ሳይጠይቅ 3 ጊዜ መታት። እግሩን የሚነጥቅ አህያም እንዲሁ ባለቤቱ ያላየው ምክንያት ይኖረዋል። መልአክ ባይሆን እንኳ በኮቴው የተሰነቀረ ጠጠር፥ ወይም ያረጀ ጕልበት፥ ወይም ያለፈው ዓመት ቢላዋ ትዝታ ሊሆን ይችላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ክሴኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ፈረስን በቍጣ መቅረብ እንደማይገባ ያስተምራል። ምክንያቱንም ሲሰጥ፥ ፈረስ በፈራው ነገር ፊት ሳለ የተመታ እንደ ሆነ ሥቃዩን ያመጣበት ያ የፈራው ነገር ይመስለዋልና ከቀድሞው ይልቅ ይፈራዋል ይላል። የዛሬም የእንስሳት ሐኪሞች ከዚህ የተለየ አይናገሩም።

እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ቢላዋ የሚባል ነገር በስፍራው አይታይ። ስፍራው ጥላ ያለበት፥ ደልዳላና ደረቅ መሬት ይሁን፤ አህያው ከጓደኛው መለየት ስለሚያስጨንቀው አብሮት የሚውለው አህያ በአጠገቡ ይታሰር። የአህያ ዐይኖች በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ሆኑ ዙሪያውን ሁሉ ለማለት ያህል ያያል፤ በቀጥታ ከጀርባው በኩል ያለውንና ከግንባሩ ሥር የቀረበውን ግን አያይም። ስለዚህ የሚቀርበው ሰው እየተናገረ በትከሻው በኩል ይምጣ። እጁን በትከሻው ላይ አሳርፎ ቀስ እያለ ወደ ጕልበቱ ያውርድ፤ አህያው ዝም ብሎ ሳለም እጁን ያንሣ፥ ጥቂት ገብስ ወይም እፍኝ ሣር ይስጠው። ለዚያ ቀን ይህ ይበቃል። በማግስቱ እጁ እስከ ቍርጭምጭሚት ይውረድ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ እግሩን ከመሬት ጥቂት አንሥቶ እስከ 3 ቍጠር ይያዝና በዝግታ ይመልሰው። ከ3 ወደ 10፥ ከ10 ወደ 30 እያለ ይጨምር።

በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። እግሩ ወደ መሬት መመለስ የሚገባው አህያው ጸጥ ብሎ ሳለ ነው። በነጠቀ ጊዜ የሚለቀቅ እንስሳ መንጠቅ እንደሚያድነው ይማራል፤ ጸጥ ባለ ጊዜ የሚለቀቅ ግን ጸጥታ እንደሚያሳርፈው ይማራል። ስለዚህ ሰውየው አህያው ከሚችለው ያነሰ ጊዜ ይያዝ፤ ሳይነጥቅ በፊት ቀድሞ ይልቀቅ። አህያ ከፈረስ የሚለይበትም ጠባይ አለው፤ ፈረስ ሲፈራ ይሸሻል፥ አህያ ግን ሲፈራ ብዙ ጊዜ ባለበት ደርቆ ይቆማል። መቆሙን አይቶ ፈቃደኛ ነው ማለት ስሕተት ነው። ጅማቱ ቢገተር፥ ጆሮው ወደ ኋላ ቢዞር፥ የቀረበለትን ገብስ ባይበላ ፈርቷል ወይም ታሟል ማለት ነው። አህያ ሥቃዩን በመሸሸግ የታወቀ ስለ ሆነ ባለቤቱ ጩኸት አይጠብቅ።

አስተማሪው ለምሳሌ ያህል እንዲህ ብሎ ለልጆቹ ሊነግራቸው ይችላል። አንድ ጐልማሳ 3 ባልንጀሮቹን ጠርቶ አህያውን በጠፍር ጠልፎ ሊጥላት ሲታገል አንድ ሽማግሌ በመንገድ ያልፋሉ።

«ልጄ፥ ይህችን አህያ እንዲህ ስትጥላት ስንት ዓመትህ ነው?»

«ይኸው 4 ዓመት ሆነኝ፥ አባቴ፤ ክፉ ናት።»

«ስትጭናትስ ትቆማለች?»

«ስጭናትማ ትቆማለች።»

«እንግዲያስ የምትፈራው አንተን አይደለም፥ ቢላዋህን ነው። በል ጠፍሩን ፍታላት፥ ቢላዋውንም ወደ ቤት ይመልሱልህ፤ ዛሬ እግርዋን ብቻ ዳብሰህ ስደዳት።»

«ታዲያ መቼ ልትቈረጥ ነው?»

«ከጥምቀት ማግስት ብትጀምር ዐቢይ ጾም ሲገባ ትደርስበታለህ። 4 ዓመት የታገልህ ሰው ጥቂት ሳምንት ምን አስቸኰለህ?»

መቍረጡ በደረሰ ጊዜ የሚያስፈልገው መሣሪያ የተሳለ ጠባብ ቢላዋ፥ ጉጠትና የብረት ሞረድ ነው። የደነዘዘ ቢላዋ ኀይል ስለሚጠይቅ ድንገት ያዳልጣል፤ ስለዚህ ከተሳለው ይልቅ የደነዘዘው ያደማል። ኮቴውን በድንጋይ ላይ አሳርፎ በመጥረቢያ መምታት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ግድግዳውን ይሰነጥቃል፥ ድንጋጤውም እስከ አጥንቱ ይደርሳል። ሰውየው ፊቱን ወደ አህያው ጅራት አዙሮ ከጐኑ ተጠግቶ ይቁም፤ እጁን በእግሩ ጀርባ በኩል አውርዶ ጅማቱን በቀስታ ይጫን፤ አህያው ክብደቱን ወደ ሌላው እግር እስኪያዛውር ይጠብቅ። እግሩ ሲነሣ ከሰውነቱ በታች ዝቅ ብሎ ይያዝ እንጂ ወደ ውጭ አይጐተት፤ የአህያ መገጣጠሚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይታጠፋል፥ ወደ ጐን ግን አይከፈትምና። ሲራገጥ የሚታየው ብዙ አህያ ቢላዋውን ጠልቶ ሳይሆን ጕልበቱ ስለተጠመዘዘ ነው። ላረጀ አህያም እግሩን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ማንሣት ይበቃል።

አስቀድሞ ጭቃውና ጠጠሩ ጫፉ በደነዘዘ እንጨት ከተረከዝ ወደ ጣት በኩል ይጠረግ። ከዚያ ከወለሉ በላይ የተረፈው ግድግዳ ጥቂት በጥቂት ይቈረጥ፥ በሞረድም ይስተካከል። አህያው በመሬት ሲቆም ከጐን ተመልክቶ የኮቴው የፊት መስመር ከላዩ ካለው የእግር መስመር ጋራ ቀጥ ብሎ ከወረደ ልክ ነው፤ ከተሰበረ አንዱ ወገን ገና ረዝሟል ማለት ነው። የአህያ ኮቴ ከፈረስ ኮቴ ይልቅ የቆመና ጠባብ ስለ ሆነ የፈረስ መልክ እንዲይዝ መድከም አይገባም። አንድ እግር ከተቈረጠ በኋላ አህያው ይረፍ፤ አራቱን በአንድ ቀን መጨረስ ግዴታ አይደለም። ከ6 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ቢጐበኝ የሚቈረጠው ጥቂት ይሆናል። በድንጋያማ መንገድ የሚውል አህያ ኮቴው ራሱ ስለሚበላ በሞረድ መዳሰስ ብቻ ሊበቃው ይችላል።

ለብዙ ጊዜ ተትቶ እጅግ የረዘመን ኮቴ በአንድ ቀን ወደ ቀድሞ መልኩ ለመመለስ ማሰብ ጕዳት ያመጣል። ጅማቱና መገጣጠሚያው የጠመመውን አቋቋም ለምደውታልና በየጥቂት ሳምንቱ እየተከፈለ ይስተካከል። በክረምት ኮቴ ውሃ ስለሚጠጣ ይለሰልሳል፤ ቢላዋም በቀላሉ ይገባበታል። ይህ ለቈራጩ ደስ የሚያሰኝ ይመስላል፤ ነገር ግን እጁ ከለመደው በላይ ጠልቆ የሚገባበት ጊዜ ይህ ስለ ሆነ በክረምት ቢላዋውን ቀንሶ ሞረዱን ማብዛት ይሻላል። በጭቃና በፍግ የሚቆም አህያ በኮቴው መካከል ጥቁርና የሚሸት ነገር ያወጣል፤ መድኃኒቱም በመጀመሪያ በየቀኑ መጥረግና ሌሊቱን በደረቅ ስፍራ ማሳደር ነው።

ደም የወጣ እንደ ሆነ መቍረጡ ወዲያው ይቁም። ስፍራው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ፤ አህያውም በደረቅና በንጹሕ ስፍራ ይቁም። ፍግ ወይም ዐፈር በቍስሉ ላይ ማድረግ እጅግ አደገኛ ነው። መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው በሽታ በዐፈርና በፍግ ውስጥ ይኖራል፤ አህያ፥ ፈረስና በቅሎም ከእንስሳት ሁሉ ይልቅ በዚህ በሽታ ይጠቃሉ። ቍስሉ ጠልቆ የገባ እንደ ሆነ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር። ዋናው ነገር ደግሞ በማግስቱ ቢላዋው እንዳይመለስ ነው፤ እንደ ገና ከመዳበስና ከገብሱ ይጀመር።

የውሻ ነገር ከዚህ በብዙው አይለይም። በገጠር ሲሮጥ የሚውል ውሻ ጥፍሩን ድንጋይ ይቈርጥለታል። ታስሮ የሚውል የበር ጠባቂ፥ ያረጀ፥ ወይም በከተማ በቤት ውስጥ የሚኖር ውሻ ግን ጥፍሩ ይረዝማል፤ ሲራመድ ጥፍሩ በወለል ላይ ሲንኳኳ ይሰማል። አንዳንድ ውሻ በእግሩ በውስጥ በኩል ከፍ ብሎ የበቀለ፥ መሬት የማይነካ ጥፍር አለው፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ ይረሳል፤ ተጠምዝዞም ወደ ሥጋው እስኪገባ ድረስ የሚያየው የለም። ውሻ በምክንያት የለሽ ክፋት ሰውን አላስነካ ያለ ሲመስል ይህ ጥፍር አስቀድሞ ይታይ።

በውሻ ጥፍር መካከል የደም ሥርና ስሜት ያለው ሕያው ሥጋ አለ። ጥፍሩ ነጭ የሆነ እንደ ሆነ በብርሃን ሲታይ ቀላ ብሎ ይለያል፤ ከዚያ 2 ሚሊሜትር ያህል መለስ ብሎ መቍረጥ ነው። ጥፍሩ ጥቁር ከሆነ ግን ከውጭ አይታይም፤ ስለዚህ እንደ ወረቀት እየሳሳ ከጫፉ ይቈረጥ፥ በየጊዜውም የተቈረጠው ፊት ይታይ። በመካከሉ ለስላሳና ጠቈር ያለ ነጥብ ብቅ ያለ ጊዜ ሕያው ሥጋው ቀርቧልና በዚያው ይቁም። ጥፍር በረዘመ ቍጥር ሕያው ሥጋውም አብሮ ይረዝማል፤ በየሳምንቱ ወይም በየ2 ሳምንቱ ጫፉ ብቻ ቢቈረጥ ሥጋው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለዚህ ረዥም ጥፍር ያለውን ውሻ በአንድ ቀን ሊያሳጥር የሚነሣ ሰው ማድማቱ አይቀርም፤ የሚታገሥ ሰው ግን ወደ ፈለገው ልክ ይደርሳል።

ማላመዱም እንደ አህያው ነው። ውሻ መዳፉ ሲያዝ የሚጠላ ፍጥረት ስለ ሆነ አስቀድሞ መዳፉን መንካት፥ ጥቂት ሥጋ ወይም እንጀራ መስጠት፤ ቀጥሎም መቍረጫውን አሳይቶ መስጠት፤ ከዚያ አንድ ጥፍር ቈርጦ መስጠት። በአንድ ቀን አንድ ጥፍር መቍረጥ አያሳፍርም። ከንፈሩን መላስ፥ ማዛጋት፥ ዐይኑን ወደ ጐን አዙሮ ነጩን ማሳየት የፍርሃት ምልክቶች ናቸው፤ ማጕረምረም የኋለኛው ማስጠንቀቂያ ነው፥ ስለ ማጕረምረሙም መምታት ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ ያፈራል። ደም ቢወጣ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጥቂት ዱቄት በጫፉ ላይ ተጭኖ ጥቂት ደቂቃ ቢያዝ ይቆማል።

ይሁን እንጂ ልጆች ይህን ከማያውቁት ውሻ ጋራ አይሞክሩት። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፥ ለሀጩ የሚዝረበረብ፥ መዋጥ ወይም መራመድ የተሳነው ውሻ የእብደት በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ፈጽሞ አይነካም። ውሻ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፥ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንምና ሕመም እስኪሰማ አይጠበቅም።

ድመት አይጥ እያደነች የምትኖር ከሆነች ጥፍርዋን መቍረጥ አያስፈልግም፤ መሣሪያዋን መንጠቅ ይሆናል። ያረጀች ድመት ብቻ ጥፍርዋ እየወፈረ ወደ መዳፍዋ ሊገባ ስለሚችል፥ በጭን ላይ አስቀምጦ ጣትዋን ከላይና ከታች በቀስታ ቢጫኑት ጥፍሩ ይወጣል፤ የሾለው ጫፍ ብቻ ይቈረጣል። የበግና የፍየል ሰኮናም ሲረዝም ጫፉ ይስተካከላል። ነገር ግን በጣቶቹ መካከል ቈስሎ የሚሸትና የሚያነክስ በግ እንደ ቀድሞው ልማድ ሰኮናው እየተፋቀ እንዲደማ ማድረግ መዳኑን እንደሚያዘገይ ዛሬ ታውቋል፤ ከመንጋው ተለይቶ በደረቅ ስፍራ ይቁምና ለሐኪም ይነገር እንጂ አይቈረጥ።

አስተማሪው ይህን በሥራ ለማሳየት የፈለገ እንደ ሆነ ጭምት አህያ ያለውን ባላገር ከነአህያው ይጥራ። ልጆቹ በትከሻው በኩል 4 እርምጃ ርቀው ይቁሙ፤ ከኋላው ማንም አይቁም፤ የኋላ እግርንም ልጅ አያንሣ። ሥራው ሲፈጸም አህያው በጠንካራ መሬት ላይ 20 እርምጃ ያህል ይነዳና አረማመዱ ይታይ። ቀኑ በተማሪ ቤቱ ደብተር ይጻፍ፤ ከ6 ሳምንት በኋላ ያው አህያ ሲመጣ እግሩን እንዴት እንደሚሰጥ ልጆቹ ራሳቸው ያስተያዩ።